ልጆቻችን ሥራ ጠልተው ነውን የሚሰደዱት?



ውድ አንባቢያን! በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በሐርቡም ሆነ በከሚሴ፣ በሠርግ ቤትም ሆነ በለቅሶ ቤት ሰው ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ አንድ ወሬ ሳይነሳ አይቀርም። «የዛሬ ልጆች ሥራ ይንቃሉ። እዚሁ ደጃቸው ላይ ፋብሪካ ተከፍቶላቸው ልባቸው ዐረብ አገር ነው» ይባላል። አባቶች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ነጋዴውም «እኔ ራሴ ሠራተኛ ፈልጌ አጣሁ» ብሎ ያክልበታል። ቡናውን የምታቀርበው የቤት ሠራተኛ ሁሉንም እየሰማች ስኒዎቹን ትሰበስባለች።

እኔ ግን ይህ ፍርደ ገምድል ነው እላለሁ። ሥራ የጠላ ሰው ሥራ ፍለጋ ባሕር አያቋርጥም። ከቃሉ ወይም ከወረባቦ ተነስታ፣ በባቲ በሚሌ አድርጋ የአፋርን በረሃ የምታቋርጥና ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የምትሻገር ልጅ ዕረፍት አይጠብቃትም። የሚጠብቃት ሰው ቤት ገብቶ መጥረግ፣ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ሕፃን ማዘልና አረጋዊ ማስታመም ነው። እዚህ ናቀችው የሚባለውን ሥራ እዚያ ሌሊቱ እስኪጋመስ ትሠራዋለች። ስለዚህ የናቀችው ሥራውን ሳይሆን ለሥራው የሚሰጣትን ዋጋ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። የኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ወላጅ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ከዓይኔ ሳትርቅ ልትሠራ ነው» ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሐዋሳን ፓርክ አጥንተው ባወጡት ዘገባ የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገለጹ። በዚያው ዘገባ የባንግላዴሽ ሠራተኛ 95 ዶላር ታገኝ ነበር። በሕጋዊ መንገድ ሳዑዲ ለምትሄድ የቤት ሠራተኛ በብዙ ሰው አፍ የሚጠቀሰው ክፍያ ደግሞ 1 ሺህ ሪያል ነው፤ በዶላር ሲመነዘር 266 ያህል ይሆናል። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው ማለት ነው። ከ26 ዶላሩ ላይ የቤት ኪራይና ምግብ ተቀንሶ ለእናት የሚላክ ምን ይተርፋል? ይህን ሒሳብ የሠራች ልጅ ሰነፍ ትባላለችን?

በእርግጥ ችግሩ ሁሉ ከደመወዝ የመጣ አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። ከዚያ ወር ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች፤ ለአሜሪካ ገበያ ይሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎችም ገበያቸው ጠበበ። ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው እንበል። ከአቅማችን በላይ ያልሆነውስ?

የምንመካባት የገዛ ቤታችን አለች። ከገጠር የመጣች የ15 ዓመት ልጅ ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጆቻችንን አልብሳ ወደ መድረሳ ትልካለች። እርሷ ግን መድረሳ አትሄድም። ደመወዟ «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» እየተባለ ለወራት ይያዛል። ልሂድ ባለች ቀን ደግሞ የተሰበረው ብርጭቆና የጠፋው ማንኪያ ተቆጥሮ ይቀነሳል። የዕረፍት ቀን አታውቅም። ውል የሚባል ነገር ከነጭራሹ አልተጻፈላትም።

በ2013 ዓ.ም. ሳዑዲ ሠራተኞች አሠሪያቸውን የሚቀይሩበትን ሥርዓት ስታሻሽል የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም ብለን ተቆጥተናል፤ መቆጣታችንም ትክክል ነበር። ነገር ግን የእኛው የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓታል። በዚህ ማን ጮኸ? ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ሲደነግግ መጠኑን ራሱ እንዳላስቀመጠስ ስንቶቻችን ጠየቅን? የዐረቧን እመቤት ጭካኔ በእንባ የሚተርከው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ጫማውን የምታወልቅለትን ልጅ ስሟን በወጉ አይጠራም።

ወገኖቼ! ዲናችን በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው አዘዋል። አሠርቶ ዋጋ የከለከለን ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ እንደሚሟገተው አስጠንቅቀዋል። በእጃችን ሥር ያሉትን ከምንበላው እንድናበላ፣ ከምንለብሰው እንድናለብስ ነግረውናል። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) አሥር ዓመት አገልግሏቸው አንድም ቀን «ኡፍ» እንዳላሉት መስክሯል። ይህን ሐዲስ በኹጥባ የሰማን ስንቶች ነን? ቤታችን ውስጥ የተገበርነውስ?

አንዳንድ ነጋዴ ወንድሞች «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ከዚህ በላይ ብንከፍል እንከስራለን» ይላሉ። ለአንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሲጠበው በመጀመሪያ የሚቀነሰው ለምን የሠራተኛው ዋጋ ይሆናል? ሱቁን ለማስጌጥ፣ ለልጁ ሠርግ ድንኳን ለመደርደር ያልጠፋ ገንዘብ ለእርሷ ሲሆን ለምን ይጠፋል? በረመዷን ሰደቃ እናበዛለን፤ ሰደቃ ግን ደመወዝን አይተካም። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው በገዛ ባለዕዳው ገንዘብ ቸር ሆኖ መታየት አይችልም።

ልጆችን ሂዱ ማለቴ አይደለም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተጠርዘው ሲመለሱ አይተናል። ብዙዎቹ ሲሄዱ በሬ የተሸጠላቸው፣ ሲመለሱ ግን አንዲት ሻንጣ እንኳ ያልነበራቸው ናቸው። አባቶች ሆይ! በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው ይላል። ስለዚህ ለቪዛና ለትኬት ብር አምጡ የሚላችሁን ደላላ አትመኑት። ልጃችሁ ሄዳ መሥራት ካለባት ሙያ ይዛ፣ ውሏን አንብባ፣ በሕጋዊው መንገድ ትሂድ።

ከዚህ በላይ ግን የሚቀናን ሥራ እዚሁ አለ። አንደኛ፣ ቤቱም ሆነ ሱቁ ሠራተኛ ያለው ሁሉ ደመወዟን፣ የሥራ ሰዓቷንና የዕረፍት ቀኗን በወረቀት ያስፍር፤ ሁለት ምስክርም ያስፈርም። ሁለተኛ፣ ወሩ ባለቀ ዕለት በገዛ እጇ ይስጣት። ሦስተኛ፣ ልጆቹን መድረሳ ሲልክ እርሷንም ይላክ። አራተኛ፣ የመስጊድ ኮሚቴዎች ለግንባታ መዋጮ ሲሰበስቡ «የሠራተኞችህን ዋጋ ከፍለሃልን?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ሁሉ የውጭ ገንዘብም ሆነ የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም።

ይህን ሳናደርግ ልጆቻችንን ሥራ ጠል እያልን ብንወቅሳቸው ከበደልነው ሐቅ ላይ ሌላ ሐቅ መጨመር ይሆንብናል። አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ የሰው ሐቅ በጫንቃችን ተሸክመን ፊቱ ከመቆምም ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።