ፓምፑን የገደለው ሥራው አይደለም፤ ርክክቡ ነው

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች፣ ማለትም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ የውሃ ፓምፕ ለገበሬው እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በጀማና በወንጪት ገባሮች ዳር፣ ከመንዝ ምንጮችም በታች፣ ሽንኩርት ወይም ድንች የሚያለሙ ገበሬዎች በቡድን ተደራጅተው አንዱን ፓምፕ በተራ ሲጠቀሙበት ይታያል። ፓምፑ ሲመጣ በእልልታ ይቀበሉታል፤ ስብሰባ ተጠርቶም የርክክብ ሰነድ ይፈረማል። ከሁለትና ከሦስት በጋ በኋላ ግን ያው ፓምፕ የት እንደ ደረሰ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «መጋዘን ነው፤ ተበላሽቷል» የሚል ሆኖ ይገኛል። ዛሬ ለገበሬ ማኅበርና ለኅብረት ሥራ መሪዎች ለማሳሰብ የፈለግሁት «ተበላሽቷል» ስለምትባለው ስለዚህችው ቃል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመርሐቤቴ አፋፍ ወደ ጀማ ቁልቁል በሚወርድ አንድ ቀበሌ የማኅበሩን መጋዘን የማየት ዕድል አጋጥሞኝ ነበር። ሦስት ባለ ቤንዚን ፓምፖች ከአሮጌ ጆንያ ጋር በአንድ ጥግ ተከምረዋል። በአንደኛው ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። ሦስቱም «የተቃጠሉ» ተብለው ተመዝግበዋል። አብሮኝ የነበረው የጥገና ሠራተኛ ግን መዝገቡን አላመነም፤ ሸራ አንጥፎ ይፈታቸው ጀመር። የመጀመሪያው ፓምፕ ካንዴላው በጥላሸት ተሸፍኖ፣ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ተጣብቆ፣ የነዳጁ ቀዳዳ ተደፍኖ ተገኘ። የሁለተኛው ሆድ በደለል ተሞልቶ፣ ደለሉም እንደ ጡብ ደርቆ ስለ ነበር ዘንጉ ሊዞር አልቻለም። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ታጥበው፣ ዘይታቸው ተለውጦ፣ ከአንድ አዲስ ካንዴላ በቀር ምንም ሳይገዛላቸው ተነሡ። ሦስተኛው ግን በእርግጥ ሞቷል፤ ያለ ዘይት ሲሠራ ከርሞ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ከአጠገባችን ቆመው ይመለከቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እኛ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ በሕይወት ላለ ነገር ለቅሶ ተቀምጠን ኖረናል» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የበጋ መደባቸውን ጦም ያሳደሩ አባወራዎች እዚያው ቆመው ነበርና።

ፓምፖቹን ለዚህ ያበቃቸው ክፉ ሰው እንዳልነበረ ከጠየቅናቸው ሁሉ ተረድተናል። ተረኛው ጎህ ሲቀድ ይረከባል፤ መደቡን ያጠጣል፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ለቀጣዩ ያስረክባል። ቤንዚኑ የየራሱ ስለሆነ ቤንዚኑን አጥብቆ ይቆጥራል። ዘይቱ ግን የማን ነው? ፊልትሮውን ማጠብስ የማን ተራ ነው? የዛሬው ተረኛ «ትናንት ታይቶ ይሆናል» ይላል፤ የነገው ደግሞ «ዛሬ ታይቶ ይሆናል» ይላል። በዚህ ዓይነት ሃያ ሰው የሚጠቀምበት ዕቃ ሃያ ጌታ አግኝቶ አንድም አሳዳሪ ያጣል። ጉዳቱም ለሁሉም እኩል አይደርስም። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ወቅት ፓምፑ ቢቆም ቀድሞ ተራ የደረሰው ሰው መደቡ ጠጥቶለታል፤ የሚደርቀው የመጨረሻው ተረኛ ነው። የመጨረሻው ተረኛ ደግሞ ማን እንደሆነ መሪዎች ታውቃላችሁ፤ በስብሰባ ላይ የሚከራከርለት የሌለው፣ ወይም ባሏ የሞተባትና ልጆቿ ያልደረሱላት ሴት ናት።

ስለ ዘይቱ ጥቂት ላስፋ፤ ሞተር የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ነውና። ባለ 5 ፈረስ ጉልበት የሆነ አነስተኛ የፓምፕ ሞተር የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው። የተለመደው የአምራቾች መመሪያ የአዲስ ሞተር ዘይት ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ እንዲለወጥ፣ ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው እንዲለወጥ ያዛል። በየቦታው በሰዎች አፍ የቀረው «በየ6 ወሩ» የሚለው ነው። አንድ ባለቤት አልፎ አልፎ ለሚያስነሣው ፓምፕ ይህ ይበቃ ይሆናል። በተራ የሚሠራ ፓምፕ ግን በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 100 ሰዓቱን የሚሞላው በ13ኛው ቀን ነው። ስለዚህ «በ6 ወር እንለውጣለን» ያለ ቡድን በወር ሁለት ጊዜ መለወጥ የነበረበትን ዘይት በጋውን ሙሉ ሳይነካው ያሳልፋል ማለት ነው። የአየር ፊልትሮውም በየ50 ሰዓቱ፣ አቧራ በበዛበት ስፍራ ከዚያም ቀደም ብሎ መጽዳት አለበት፤ ይህ በተራ ለሚሠራ ፓምፕ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሰዓት መቁጠር የግድ ጽሕፈት አይጠይቅም። በፓምፑ መሸከሚያ እንጨት ላይ ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን አንድ ጭረት ቢጫር፣ አሥራ ሁለት ጭረት ሲሞላ የዘይቱ ቀን ደረሰ ማለት ነው።

ከጥገና ጉድለት ጋር የሚምታታ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የአገሩ ከፍታ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል፤ ሲደመር ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ካርቡራተሩ ለደጋ እንዲስማማ ካልተስተካከለም ነዳጁ ከአየሩ በልጦ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላውንም በጥላሸት ይሸፍናል። መሳቡም ይቀንሳል። ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ የሚያመጣው በራሱ ብርታት ብቻ ሳይሆን የውጭው አየር ውሃውን ወደ ቱቦው ስለሚገፋለት ነው። በባሕር ጠለል 7 ሜትር ያህል ስቦ የሚያወጣ ፓምፕ በመንዝ ደጋ ከ4 እስከ 5 ሜትር ቢስብ በደንብ ሠርቷል ይባላል። ይህን ያልተነገረው ተረኛ ፓምፑን ከገደሉ አናት ላይ ይተክልና ውሃ አልመጣ ሲለው ጋዙን ይጨምራል። ፓምፑ ውሃ ሳይኖረው ሲሽከረከር በዘንጉ ላይ ያለው ማሸጊያ ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ያንጠባጥባል፣ አየር ይስባል፣ «ተበላሸ» ይባላል። መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። ፓምፑን ተሸክሞ ወደ ውሃው ማውረድና በመግፊያው ቱቦ ወደ ላይ ማስወጣት ነው፤ ፓምፕ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ይሆንለታልና። ከመነሣቱም በፊት ሆዱ በውሃ መሞላቱን፣ የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ወንፊቱን ይዞ ከጭቃው ከፍ ብሎ መቀመጡን ማየት ይገባል።

የመንዝ ሰው ውርጭን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል፤ ገብሱን ስንት ጊዜ በልቶበታል። ነገር ግን ውርጭ ብረትም እንደሚሰብር ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውሃ በሆዱ እንደያዘ ወንዝ ዳር ያደረ ፓምፕ፣ ውሃው በረዶ ሲሆን ስለሚለጠጥ፣ ቤቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሥሩ ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን ፈትቶ ውሃውን መልቀቅ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሥራው ጥቂት ይበዛል። የፓምፑ ሆድ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ከታንኩና ከካርቡራተሩ ቤንዚኑ ይፈሳል፤ አሮጌው ዘይት በአዲስ ይተካል፤ ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና ማስነሻው ገመድ በዝግታ ይሳባል። ከዚያ በኋላ ፓምፑ መሬት ሳይነካ በእንጨት ላይ ይቀመጣል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የመጀመሪያው ፓምፕ ሁለት ክረምት የተኛው ይህ ስላልተደረገለት ብቻ ነበር።

አንዳንድ መሪዎች «የጋራ ንብረት እኮ እንዲህ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን አባባል አልቀበለውም። በየቀበሌያችሁ እድር አለ። የእድሩ ድንኳን፣ ብረት ድስትና ሳህን የማን ነው? የሁሉም ነው። ሆኖም ንብረት ያዡ ሳህኑን ቆጥሮ ይሰጣል፤ ቆጥሮ ይቀበላል፤ የጎደለውን ያስከፍላል። ድንኳኑ ርጥብ ሆኖ ቢመለስ «አድርቀህ አምጣ» ብሎ ይመልሰዋል፤ የሚቀየመውም የለም፤ ደንቡ ነውና። ለድስቱ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ለፓምፑ እንዴት ያንሳል? የጓሳም ታሪክ ከደጃችሁ ነው። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣርና ግጦሽ በተመረጠ አለቃ ሥር፣ በሚከፈትበትና በሚዘጋበት ጊዜ እየወሰነ፣ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጠብቆ ኖሯል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅና የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ ያ ጥንታዊ አጠባበቅ ፈረሰ፤ ሣሩም ለጊዜው ጠባቂ አጣ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣለትን ነፃነት አልዘነጋሁም፤ ይሁን እንጂ አለቃው ሲነሣ በቦታው ሌላ ተጠያቂ አለመተካቱ ያደረሰው ጉዳት መነገር አለበት። ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ፣ ጠባቂ ቀጥሮ ስፍራውን መልሶ ያዘው። በ2001 ዓ.ም. ግድም በመንዝ የተጀመረው የማኅበረሰብ በግ ማሻሻያም የተመረጡ አውራ በጎችን ለጋራ ጥቅም የሚያውል ነው፤ አውራ በጉን የሚያበላውና የሚያሳድረው ሰው ሁልጊዜ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ፓምፕ አንድ አሳዳሪ ይመረጥ እላለሁ። ኮሚቴ አላልኩም፤ ኮሚቴ ዘይት አይለውጥም። አሳዳሪው በጠቅላላ ጉባኤ ስሙ ተጠርቶ የሚታወቅ፣ እጁ ለብረት የማይሰንፍ፣ ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ የሚከበር ሰው ይሁን። ርክክቡ ሁሉ በእርሱ ፊት ይደረግ፤ የዘይቱ ልክ ሳይታይ፣ ሆዱም ሳይታጠብ ፓምፑ ከእጅ ወደ እጅ አይለፍ። ተረካቢውም «ዘይቱ ጎድሏል፤ አልቀበልም» የማለት መብት ይኑረው። ለዘይት፣ ለፊልትሮና ለካንዴላ የሚሆን ገንዘብ ከየተረኛው በሥራው ሰዓት ልክ ይሰብሰብ። ለድካሙ ደግሞ አሳዳሪው ወይ በነፃ የመስኖ ሰዓት ወይ በወንፈል ሥራ ይካስ፤ በባዶ ምስጋና ሰው ዓመቱን ሙሉ አይሠራም።

አስቸጋሪው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሳዳሪው አንድ ቀን ጎረቤቱን፣ ምናልባትም አበልጁን፣ ፓምፑን ሳታጥብ አልሰጥህም ወይም አልቀበልህም ይለዋል። ሰውየው ወደ ሊቀ መንበሩ ይሄዳል። ሊቀ መንበሩ «ለዛሬ እለፈው» ካለ ደንቡ በዚያች ቀን ያበቃል፤ አሳዳሪውም ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። መሪዎች በጉባኤ ላይ ብዙ ከመናገር ይልቅ በዚያች ቀን ከአሳዳሪው ጎን ብትቆሙ ይበልጣል።

ጥገና የመንግሥት ሥራ ነው የሚሉም አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። መለዋወጫ በቅርብ ካልተገኘ፣ መመሪያው ገበሬው በማያነበው የውጭ ቋንቋ ብቻ ከመጣ፣ የልማት ሠራተኛውም ራሱ ሞተር ፈትቶ ካላወቀ፣ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ትክክል አይሆንም። ፓምፕ የሚያድል ክፍል ሁሉ ከፓምፑ ጋር የሁለት በጋ ፊልትሮ፣ ካንዴላና ማሸጊያ እንዲያስረክብ፣ በአማርኛም አንድ ቀን ሙሉ ፈትቶ እንዲያሳይ መሪዎች ልትጠይቁ ይገባል፤ የርክክቡ ሰነድ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ግን ይሁን። ከተፈረመ በኋላ የሚሰማ የለም። ዘይት መለወጥ፣ ውሃ ማፍሰስና ደለል ማጠብ ግን ከወረዳ ሰው እስኪመጣ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ግንቦት ሲያልቅ፣ ሰኔ ግም ከማለቱ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ይመረጥና በየቀበሌው ያሉት ፓምፖች፣ ደኅናውም «የተበላሸውም»፣ ከየመጋዘኑ ወጥተው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጅ ሸራ ላይ ይቀመጡ። የጥገና ሠራተኛ ከወረዳ ወይም ከከተማ ይጠራ፤ አበሉን ማኅበሩ ይቻል። በመዝገብ ላይ «የተቃጠለ» የተባለው ሁሉ በሰው ፊት ይከፈት። ከመካከላቸው ስንቱ ተነሥቶ ውሃ እንደሚተፋ ያን ዕለት ታያላችሁ።