ሰመመን በሰው ጀርባ ይለመዳልን?

ጠቅላላ ሐኪም ስለ ሰመመን ሕክምና ብዙ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ለዚያማ አንስቴቲስት አለ የሚሉ ወገኖች አሉ። እስቲ እነዚህ ወገኖች ከአርባ ምንጭ ተነሥተው የጨንቻን ዳገት ይውጡ፤ አለዚያም ወደ ገረሴና ወደ ካምባ ይዝለቁ። አንስቴቲስቱ አንዲቱን እናት በቀዶ ሕክምና ለማዋለድ በገባበት ሌሊት፣ ሌላይቱ በእርግዝና ደም ግፊት ተንቀጥቅጣ ትንፋሽ ቢያጥራት፣ አገጯን ወደ ላይ አንሥቶ የአየር መንገዷን የሚከፍት፣ በአምቡ ባግ የሚያናፍሳት ማን ነው? ትናንት የተመረቀው ጠቅላላ ሐኪም ነው። ወደ አርባ ምንጭ ትላክ እንዳይባል መንገዱ ረጅም ነው፤ አየር ያጣ አንጎል የሚታገሠው ደግሞ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ሐኪም ሙያውን የት ተማረው? በአገራችን የኢንተርንነት ዓመት በዋናነት የሚከፋፈለው በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት እንዲሁም በማኅፀንና ጽንስ ክፍሎች ነው። ሰመመን ከአራቱ አይቆጠርም። እኔ በተማርኩበትና ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ለሰመመን የተሰጠኝ ሁለት ሳምንት ነበር። በአንድ በሽተኛ ራስጌ የሰመመን ሙያ ተማሪዎች፣ ከኋላቸው የጤና መኮንን ተማሪዎች፣ ከሁሉም ኋላ እኛ ተደርድረን፣ አብዝቼ ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። ሎግቡኬ ላይ ግን በሚገባ እንዳጠናቀቅሁ ተፈረመልኝ። (ፊርማው እጅግ ያማረ ነበር!)

መንግሥት ምንም አልሠራም ብሎ መካድ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መሠልጠን ጀመሩ፤ አንስቴቲስቶችም በርክተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና ብሔራዊ መርሐ ግብር ወጥቷል። ይሁን እንጂ የዓለም የአንስቴዥያ ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 የሰመመን ስፔሻሊስት ሐኪሞች ያስፈልጋሉ ሲል፣ እኛ 1 እንኳ አልሞላንም። ከየትስ ይምጡ? በተማሪነቱ ራስጌ ቆሞ ያላየውን ሙያ ስፔሻላይዝ ላድርግ ብሎ የሚመርጥ ማን ነው? አስተምሩ የሚባሉትም ቢሆኑ ሌሊቱን በተረኛነት ያደሩ ሰዎች ናቸው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ይስተካከል ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ከተሰጣቸው መልስ አንዱ እስር እንደነበረ አንረሳም።

በሽተኛ የተማሪ መለማመጃ አይሁን የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ የሚከበር ነው፤ ነገር ግን ወዴት እንደሚያደርሰን እንመልከት። ኬታሚንን እንውሰድ። ትንፋሽንና የደም ግፊትን እንደ ሌሎቹ ስለማያዳክም የገጠር ሆስፒታል ባለውለታ ነው፤ የተሰበረ እጅ ለማቃናት ጠቅላላ ሐኪሙ ራሱ ያዝዘዋል። ሆኖም ምራቅ ያበዛል፤ አልፎ አልፎም ጉሮሮን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ሐኪሙ ይህን የመጀመሪያ መዘጋት አርባ ምንጭ፣ ልምድ ያለው አንስቴቲስት ክንዱን ይዞት ቢያየው ይሻላል ወይስ ካምባ፣ ብቻውን፣ በሌሊት? በሽተኛው በሁለቱም ቦታ ያው መለማመጃ ነው፤ ልዩነቱ አጠገቡ የሚያድነው ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው በሳምንት ሳይሆን በሥራ ይቆጠር። ተማሪው ይህን ያህል በሽተኛ በማስክ አናፈሰ፣ ይህን ያህል ቱቦ አስገባ፣ ይህን ያህል የጀርባ ማደንዘዣ ወጋ ተብሎ በዓይን አይቶ በመሰከረ ባለሙያ ካልተፈረመለት አይለፍ። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚለማመዱበት አሻንጉሊት፣ ለሚያስተምረው አንስቴቲስት የማስተማሪያ አበል፣ ጠዋት ጠዋትም ከሁለት ተማሪ በላይ የማይገባበት ተራ ነው።