ቀለሃውን የሞላው እጅ

ካዛንችስ ያለው ቤታችን ሊፈርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከአልጋ ሥር አንድ ቆርቆሮ አወጣሁ። አሥራ አንድ የአያቴ ቀለሃዎች ነበሩበት። የሁለቱ ወገብ ተሰንጥቋል። ዕቃ የሚጭነው ልጅ «ይሄ ይጣል?» አለኝ። ጮኽኩበት፤ ወዲያው ግን በራሴና በእኩዮቼ ተናደድኩ። ምን እንደሆነ ማን ነግሮት ያውቃል?

አያቴ አርበኛ ነበሩ። ጣልያን በ1928 አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ሠራ፤ የሰፈሬ ስም የመጣው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉት ከእነዚያ ቤቶች ነው። ሠራተኞቹ ፍራሽ ላይ ሲያድሩ አያቴ ጫካ ነበሩ። ጠመንጃ አላቸው፤ ውጅግራ፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ የፈረንሳይ ሥሪት፣ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር። ጥይት ግን የለም። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ የብር ምንዛሪ እስከመሆን የተወደደ ነበር፤ በአርበኝነቱ ዘመን ደግሞ ከየት ይምጣ? ከጠላት የማረኩት 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለውጅግራ አይሆንም። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለሃ ከሣር ውስጥ ተለቅሞ፣ ባሩድና አረር እንደገና እንዲሞላ ወደ ጠይቡ ይሄዳል።

ጠይቡ መጀመሪያ የሚለው «ጠመንጃህን አምጣ» ነው። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ! አረሩ ቀለሃው ውስጥ ምን ያህል ይግባ የሚለው ከጠመንጃ ጠመንጃ ይለያያል። ወደ ውጭ ከበዛ፣ በብረቱ ውስጥ ካለው ጠመዝማዛ ቦይ ጋር ይጋጭና ጥይቱ አልገባም ይላል፤ ጠላት ፊት ለፊትህ ቆሞ ማለት ነው። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ከአረሩ በታች ባዶ ቦታ አይወድም፤ ክፍተት ከቀረ ብረቱን ሊያሳብጥ፣ ተኳሹንም ሊጎዳ ይችላል። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ኢላማ ተኳሾች ይህንኑ ልክ በሚሊ ሜትር መቶኛ እየለኩ፣ ጥቂት ጥቂት ጥይት እየተኮሱ፣ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳዎቹ የሚሰበሰቡበትን ይፈልጋሉ። የጠይቡ መለኪያ የአውራ ጣቱ ጥፍር ነበር። ሞልቶ፣ በዚያው ጠመንጃ አስገብቶ፣ አውጥቶ፣ አረሩ ላይ የቀረውን ጭረት በጥፍሩ ዳብሶ እንደገና ያስተካክላል።

ይህን ሰው ቡዳ አልነው! ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡም ቀጠለ። ፉከራችን ለተኳሹ ነው፣ ሽለላችን ለጠመንጃው ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ እወጣለሁ፤ ዝናር የታጠቀ፣ ጎፈር የደፋ አያለሁ። ወናፍ የተሸከመ አንድም ሰው አይቼ አላውቅም። የማን እጅ ነው ያን ዝናር የሞላው?

ይህ ያለፈ ታሪክ ነው የምትሉኝ ቂርቆስ ውረዱ። ቀለሃዎቹን አንድ የቶርኖ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኳቸው። አንዱን አንሥቶ በብርሃን አዙሮ አዙሮ አየው፤ «ይህን የነካ ሰው ያውቃል» አለ። ቀጥሎ ያለኝ ግን እስካሁን ያቃጥለኛል፤ አማቶቹ ሥራውን ሲጠይቁት «ንግድ ላይ ነኝ» ነው የሚላቸው። ብረት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆርጥ ሰው ለአማቶቹ ይዋሻል!

የአርበኞችን ጠመንጃ በመስተዋት ውስጥ የምታኖሩ ሁሉ፣ ከጎኑ አንድ የተሞላ ቀለሃ አስቀምጡ፤ «ጠይብ ሞላው» ብላችሁም ጻፉበት። ውለታ አይደለም የምጠይቃችሁ፤ ዕዳ ነው።

የእኛም ቤት ዕዳ አለበት። አያቴ በዚያ ሰው ጥይት አምስት ዓመት ተዋግተው በሕይወት ተመለሱ፤ ከቤቱ ግን እንጀራ ቀምሰው አያውቁም። ይህን የነገሩኝ በስተርጅና፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው። ስሙን ጠየቅኳቸው። ረጅም ጊዜ አሰቡ።

«ጠይቡ ነው የምንለው» አሉኝ።