ዐፅም ስለ ማፍለስ

ከስማዳ አንድ አባወራ ለዚህ ዓምድ በላኩት ደብዳቤ፥ አባታቸው ለሥራ በሄዱበት በእስቴ ዐርፈው በዚያው እንደ ተቀበሩ፥ ታናሽ ወንድማቸውም በሌሊት ቆፍሮ ዐፅሙን ወደ አጥቢያቸው ሊያመጣ እንደ ቈረጠ ገልጠው፥ «ኃጢአት ይሆንብን ይሆን?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ወዳጄ ሆይ፥ ዐፅም ማፍለስ በራሱ ነውር አይደለም። ዮሴፍ ዐፅሙን ከግብፅ እንዲያወጡ የእስራኤልን ልጆች አምሏቸው ነበርና፥ ሙሴ ይዞት ወጣ። የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዐፅምም ባረፉ በ57 ዓመት ፈልሶ፥ በዓሉን ግንቦት 12 ቀን እናከብራለን። ነውሩ ያለው «በሌሊት» በምትለው ቃል ላይ ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 493 የሙታንን ዕረፍትና ክብር የሚነካ ሰው እንዲቀጣ ያዛል። ልጅ መሆን ብቻውን ፈቃድ ነው ብሎ መታመን አይገባም። በቅድሚያ ወንድማማቾች ይስማሙ፤ ቀጥሎ የሁለቱ አጥቢያዎች አስተዳዳሪዎችና ሰበካ ጉባኤዎች ይወቁት፤ ቀበሌውም ይነገረው። በአሟሟቱ ጥርጣሬ ካለ ግን ዐፅሙ ምስክር ነውና፥ ማንም እጁን ሳያስገባ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ይተው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1967 ዓ.ም. ሲሞቱ ያለ ፍትሐት በቤተ መንግሥት ውስጥ በስውር ተቀበሩ። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በበዓታ ለማርያም ቆይቶ፥ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ በሕዝብ ፊት ዐረፈ። በስውር የተቀበረው እንኳ በግልጥ ፈለሰ፤ ታዲያ በግልጥ የተቀበሩትን አባት በስውር ማውጣት ምን ይባላል?

የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ በ1872 ዓ.ም. በዊንድዘር ተቀበረ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. ዐፅሙ እንዲመለስ ለንግሥቲቱ ጽፈው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ የተሰማው መልስ፥ በአጠገቡ የተቀበሩትን የብዙዎችን ዕረፍት ሳያውኩ እርሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። መልሱ ለእኔ እስከ ዛሬ መራራ ነው፤ ልጁን የወሰዱት ሳይጠይቁ ነበርና። ነገር ግን የጎረቤት ዐፅም ጉዳይ በእኛም ቅጽር አለ። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ብዙው መቃብር ጽሑፍ የሌለበት የድንጋይ ክምር ነው፤ በሌሊት የሚቆፍር ሰው የማንን አባት እንዳወጣ በምን ያውቃል?

እንግዲህ ወንድምዎ ዶማውን ከማንሣቱ በፊት፥ ከአባታችሁ በቀኝና በግራ ማን እንደ ተቀበረ ከእስቴው ደብር አስተዳዳሪ ጠይቆ ይምጣ።