«ፎርማት አድርጊው» ለሚሉን ሁሉ

ደነባ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንዲት ሴት እናውቃለን። ሰዉ ማመልከቻውን፣ የኪራይ ውሉን፣ የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ የሚያስጽፈው እሷ ዘንድ ነው። መምህራንም ፈተናቸውን እዚያው ያስጽፋሉ። ኮምፒውተሯ እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግራት አንድ ከአዲስ አበባ የሄደ ልጅ «ሊኑክስ ልጫንልሽ፤ ነጻ ነው፣ ለአሮጌ ማሽንም ይሆናል» አላት። እሷም «ዲ ላይ ያለው አይጠፋም አይደል?» ብላ ጠየቀች። «አይጠፋም» አላት። ጠፋ። የስድስት ዓመት ሥራ በአንድ ጠቅታ ሄደ።

ልጁ ከእኛው ከጓደኛሞቹ አንዱ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ለሌላው ብቻ የተወረወረ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ኮምፒውተር የነካ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሕግ አለች፦ ሲ ይፎርማታል፣ ዲ ይተርፋል። ፎቶውንም ሰነዱንም ዲ ላይ የምናከማቸው ይህችን ሕግ አምነን ነው። የሊኑክስ መጫኛ ግን ሕጓን አያውቃትም። ኡቡንቱም ሆነ ሚንት ከሚያቀርቧቸው ምርጫዎች አንዱ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚል ነው። ዲስክ ሲል ሲንም ዲንም ጠቅልሎ ነው። ቸኩሎ «ቀጥል» ለሚል ሰው ምሕረት የለውም።

ጥያቄው ዛሬ የሚያጣድፍበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ብዙዎቹ አሮጌ ዴስክቶፖች ይህን አያሟሉም። ስለዚህ «ሊኑክስ ጫኑ» የሚለው ስብከት ትክክል ነው። የሚጎድለው «የት?» የሚለው ጥያቄ ነው።

አንደኞቹ ሰባኪዎች «ዊንዶውስን ነቅላችሁ ጣሉት» ይሉናል። ለመሆኑ ጽሕፈት ቤት ገብተው ያውቃሉ? ፓወር ግዕዝ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ፒችትሪም እንዲሁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰዉ በአሮጌዎቹ ፎንቶች መጻፉን አልተወም። ያንን ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ስትከፍቱት የምታዩት የተዘበራረቀ ምልክት ነው። እንጀራዋ እዚያ ሰነድ ላይ የሆነን ሴት «ነጻነት» እያሉ ማስራብ ምን የሚሉት ነጻነት ነው?

ሁለተኞቹ «ምን አስጨነቃችሁ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ጫኑት» ይላሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ዉቢ በተባለ መጫኛ ሞክሮታል፤ ሊኑክሱ በሙሉ ዊንዶውስ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነበር። መብራት ድንገት ሲጠፋ በራሱ ክፍልፋይ ላይ ከተጫነው ይልቅ ለብልሽት የተጋለጠ ሲሆን በ2013 ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው የማይክሮሶፍት ደብልዩኤስኤልም፣ በሁለተኛው እትሙ፣ ሌላ ቦታ ካልተመረጠለት በቀር ሲ ላይ አንድ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ትእዛዝ ለሚለማመድ ተማሪ ይህ ይበቃል፤ አንከራከርም። ግን ቴክኒሻኑ እንደ ልማዱ ሲን የፎርማተ ዕለት ሊኑክሱም ሥራውም አብረው ይሄዳሉ። ደግሞስ ድጋፍ የተቋረጠበትን ዊንዶውስ ሸሽታችሁ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ደባል መግባት ምን ይባላል?

የእኛ አቋም አንድ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የሊኑክስ ቦታ የራሱ ዲስክ ነው። ዴስክቶፕ እንደ ላፕቶፕ የታሸገ አይደለም፤ ጎኑን ስትከፍቱት ብዙ ጊዜ ትርፍ የሳታ መሰኪያ ታገኛላችሁ። 120 ጊጋባይት ያለው ኤስኤስዲ ይበቃዋል። ስትጭኑ የዊንዶውሱን ዲስክ ገመድ ንቀሉት። ያልተሰካ ዲስክ በስሕተት አይጠፋም፤ የማስነሻ ፋይሉም ሌላው ዲስክ ላይ ሄዶ አይቀመጥም። ስትጨርሱ መልሳችሁ ሰኩት፤ ማሽኑ ሲነሳ የቱ እንዲከፈት ከማስነሻ ዝርዝሩ መምረጥ ነው።

ለኤስኤስዲ የሚሆን ገንዘብ ከሌለስ? ያኔ ለብቻው ክፍልፋይ ቁረጡለት። ግን አስቀድማችሁ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። የዊንዶውስን ክፍልፋይ ከራሱ ከዊንዶውስ አሳንሱ፤ ፈጣን ማስነሻውን አጥፉ፤ መጫኛው ላይ ቦታውን በእጃችሁ ምረጡ። ይህንን መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩት፤ ክፍልፋዩ እየተቆረጠ መብራት ከሄደ የቀዳችሁት ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ቢበዛ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጓደኛችን ግማሽ ቀን አልነበረውም፤ የመኪናው ሰዓት ደርሶበት ነበር። «ሥራሽ የት የት ነው የተቀመጠው?» ብሎ መጠየቅ ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሴትዮዋ ዛሬ ወደ ዊንዶውስ 10 ተመልሳለች። ሊኑክስ የሚለውን ስም መስማት አትፈልግም። ሊኑክስን ደነባ ላይ ያስጠላው ማይክሮሶፍት ነው እንዳንል፣ የእኛ እጅ አለበት። ከእንግዲህ የሰው ማሽን ፊት ስንቀመጥ ፍላሻችንን ከመሰካታችን በፊት እንጠይቅ። የማይጠይቅ ካለ እጁን ከኪሱ አያውጣ።