የባሕር አረም በጠርሙስ፣ የጓሮው ጌታ በቆሼ መኪና

የባሕር በር ክርክሩ ገና አልተቋጨም፤ የባሕር አረሙ ግን ቀድሞ ገብቷል። ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ፣ የአንድ ሊትር ጠርሙስ፣ ላዩ ላይ «የተፈጥሮ ማዳበሪያ» የሚል ጽሑፍ። ጓሮው ላይ ቆስጣና ቃሪያ የተከለ የአዲስ አበባ ነዋሪ ዩሪያ ስለተወደደበት ወይም «ኬሚካል» ስለሚፈራ ይገዛዋል። አፈሩን ያበላ ይመስለዋል።

አላበላም።

ሒሳቡ ይሠራ። ባለ 50 ኪሎ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ 23 ኪሎ ማለት ነው። በባሕር አረም ጭማቂ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በጣም ጥቂት ነው። ለሻጩ ታዝኖ 1 በመቶ ነው ቢባል እንኳ አንዱ ሊትር 10 ግራም ገደማ ይይዛል። የአንድ ከረጢት ዩሪያን ናይትሮጅን ለማግኘት 2,300 ጠርሙስ መግዛት ነው። ፎስፈረሱማ ከዚያም ያንሳል። ለጓሮ ማን ሙሉ ከረጢት ፈለገ የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ግን ጠርሙሱም እንዳለ አይፈስም፤ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ በውሃ ተበርዞ ነው የሚረጨው።

ፈሳሹ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሳይቶካይኒንን የመሳሰሉ እድገት የሚያዝዙ ንጥረ ነገሮች አሉት። ሥር እንዲበረታ፣ ችግኝ ድርቅ እንዲቋቋም ሊረዳ እንደሚችል ብዙ ሙከራዎች አሳይተዋል። ይህ ግን ቅመም እንጂ እህል አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የማዳበሪያ ደንብ እንዲህ ያለውን ምርት «ባዮስቲሙላንት» ብሎ ለብቻው መድቦታል፤ ተክሉን የሚያነቃቃው በያዘው ምግብ መጠን አይደለምና። እዚያ ተለይቶ የተቀመጠው ነገር እዚህ ሲደርስ ለምን ስሙ ይቀየራል?

ሻጮች አየርላንድን መጥራት ይወዳሉ። በአራን ደሴቶች የነበሩ ገበሬዎች ባዶ ድንጋይ ላይ አሸዋና የባሕር አረም እያነባበሩ አፈር ሠርተው ድንች አብቅለዋል፤ እውነት ነው። ግን አረሙን ከባሕር ዳር በቅርጫት፣ በአህያ ጀርባ እያጋዙ፣ ከዓመት ዓመት ክምር በክምር እየደረቡ ነው። አፈር የሆነው ክምሩ ነው። ጠርሙሱ የክምሩን ዝና ተበድሮ ይነግዳል። ደግሞም እነዚያ ገበሬዎች ከሩቅ አገር ምንም አላስመጡም፤ ደጃቸው ላይ የወደቀውን አነሡ እንጂ።

የአዲስ አበባ ሰው ደጃፍ ላይስ ምን አለ? የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ሲብስም የበግ ፍግ። ከከተማዋ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። እሱ ሁሉ ታጭቆ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ይሰጣል፤ የሚታጨቀውም፣ ነገሩ ሲያስቅ፣ በማዳበሪያ ነው። ጆንያው ስሙን ያገኘው ድሮ ከያዘው ነገር ነው። ጠርሙሱ ግን ነገሩን ሳይዝ ስሙን ወሰደ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀበረ። ያንን ተራራ የከመረው ባዕድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት በየሳምንቱ እያዋጣ ነው። ከተማው የጓሮ አትክልት ትከሉ ብሎ ሲቀሰቅስ የወጥ ቤቱን ትራፊ ከፕላስቲኩ ለይቶ የሚሰበስብ መኪና አብሮ አለማሰማራቱ ግራ የሚያጋባ ነው።

ኮምፖስት ይሸታል፣ ወራት ይፈጃል፣ ተከራይ ጓሮ የለውም ይባላል። የሚሸተው እርጥቡ ብቻ ሲበዛበት ነው፤ ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ጣል ጣል ከተደረገበት ይተዋል። ጓሮ የሌለው ደግሞ በሥሩ የተበሳ ባልዲ ይበቃዋል። ወራት መፍጀቱስ እውነት ነው፤ ችኮላውን ነው ጠርሙሱ የሚሸጠው።

መሸጡ አይከልከል። ላዩ ላይ ግን የናይትሮጅኑ፣ የፎስፈረሱና የፖታሲየሙ መቶኛ በአማርኛ ይጻፍ፤ «ማዳበሪያ» የሚለው ተፍቆ «አነቃቂ» ይባል። እስከዚያው ገዢው ብር ከማውጣቱ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቀው፦ ናይትሮጅኑ ስንት ነው?