ቀጭን አልሙኒየም የበየደ ልጅ «ወድቋል» አይባልም

ወዳጆቼ፣ ይሄ ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ መቼም ለከፋ ሰው ቡና አይቸግርም።

እዚህ ቦንጋ አንድ ጋራዥ ውስጥ የቆመች አሮጌ ቮልስ አለች። ባለቤቷ ለሠርግ የምትከራይ የጌጥ መኪና ሊያደርጋት አስቦ ቀለሟን አስቀባ፣ ወንበሯን አስቀየረ። የቀረው ጎንና ጎኗን ይዞ የሚሄደው ቀጭኑ የአልሙኒየም ጌጥ ነበር። እሱ ደግሞ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። አዲስ ይግዛ እንዳይባል፣ ያቺ መኪና መመረት ካቆመች ቆየች፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከውጭ ይምጣ ቢባልም ዋጋውን እናንተው ገምቱት። ጌጡን በይዶ ያዳነው የጋራዡ ልጅ ነው። ዕድሜው ሃያ ቢሆን ነው፣ እኛ ትምህርት ቤት የተማረ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ማለፊያ ያላመጣ። አሁን ጌጡ ቦታው ገብቷል፤ የት ጋ እንደተበየደ ካልነገሯችሁ አታገኙትም። ታዲያ መኪናዋን ሊያይ የመጣው ሰው ምን ይላል መሰላችሁ? «እንዴ! ይሄ ያ የወደቀው ልጅ አይደል?»

የዛሬው ነገሬ ከዚህች ቃል ጋር ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሥራውን እንየው። በየጋራዣችን የምናውቀው ብየዳ የብረት ነው። ብረት ደግ ነው፤ ሲግል ይቀላል፣ ሊቀልጥ ሲል ያስታውቃል። አልሙኒየም ግን ቀለሙን አይለውጥም። እንደነጣ፣ እንዳማረበት ቆይቶ ድንገት ጠብ ይላል፤ በቃ፣ ቀዳዳ። ምክንያቱ ኬሚስትሪ መጽሐፋችን ላይ አለ። አልሙኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ልጣጭ ያወጣል። ብረቱ ራሱ የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ልጣጩ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ልጣጩን ላቅልጥ ብለህ እሳት ስትጨምር ውስጡ ቀድሞ ውኃ ሆኗል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሙቀትን ከተራው ብረት አራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ እዚህ ጋ ያሞቅኸው እዚያ ጋ ይጣመማል። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ጌጥ ላይ ደግሞ ለስህተት ቦታ የለም።

ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ነው እኔን የገረመኝ። «ጋሼ፣ እኛ ጋ ባለው ማሽን ይሄ አይሆንም፣ አበላሽብዎታለሁ» አለ። ይህንን ለማለት ማወቅ ይጠይቃል። «አምጣው፣ እንሞክረው» ብሎ በኤሌክትሮድ አቃጥሎ የሚመልስ ስንት አለ! ከዚያ ጅማ ቲግ የሚባለው ማሽን ያለው ወርክሾፕ አፈላልጎ አገኘ። ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው እንግዲህ። ጌጡን በካርቶን ጠቅልሎ፣ ከመስኮትና በር ሠሪዎች የለመነውን ቁርጥራጭ አልሙኒየም በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ቁርጥራጩ ላይ ሲለማመድ ዋለ። ጌጡን የነካው በማግሥቱ ነው።

እንዴት እንደሠራው ጠየቅኩት። «ቲቸር፣ ኤሲ ላይ ነው የሚደረገው፤ ከረንቱ ሲገለባበጥ አንዱ ግማሽ ልጣጩን ይጠርጋል፣ አንዱ ግማሽ ያቀልጣል» አለኝ። 40 አምፔር አካባቢ፣ ከዚያም ዝቅ ያለ። አርጎን ጋዝ ደግሞ አየር እንዳይነካው ከላይ ይሸፍነዋል። ብረት ነክቶ በማያውቅ የስቴንለስ ሽቦ ብሩሽ ፈተገው፣ ከሥሩ ሙቀቱን የሚመጥ የመዳብ ቁራጭ አስደገፈ፣ ነጥብ ነጥብ እያደረገ፣ እያቆመና እያቀዘቀዘ ሄደ። ሲመለስ ጌጡን ከጫፍ እስከ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አልሶ ወለወለው፤ የተበየደው ብቻ ቢወለወል ቀለሙ ይለያል። ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው ስለው ስልኩን አሳየኝ። ቪዲዮ ነው። እንግሊዝኛው አልገባውም፣ እጃቸውን እያየ ነው የተማረው።

እንግዲህ ተለዋጭ ከረንት፣ ኦክሳይድ፣ የሙቀት መተላለፍ፣ ዝምድና የሌለው ጋዝ። ይሄ ልጅ በየትኛው ትምህርት ነው የወደቀው?

ቁጥሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስቱን «ወደቀ» ብለን ልንቀመጥ ነው? «ታዲያ ሁሉም በያጅ ይሁን ልትል ነው?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። አላልኩም። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ይግባ፣ ደስ ይለኛል፤ ተማሪዬ ሲያልፍ እልል የምል ሰው ነኝ። እያልኩ ያለሁት ጋራዥ የውድቀት ማጠራቀሚያ አይደለም ነው።

ንቀቱ ዛሬ አልተጀመረም። በከፋም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው በሠሩልን ዕቃ እየተጠቀምን አብረን አንበላም፣ አንጋባም ስንል የኖርን ነን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬ «ቀጥቃጭ» ብሎ በአደባባይ የሚሳደብ ቀንሷል፣ ግን «ወድቆ ጋራዥ ገባ» የምንለው ያንኑ ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ።

ደግሞ ይሄ ንቀት የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዓይን ያስከፍላል። ለትምህርት ቤት ሲሆን ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ቦርሳ የሚገዛ አባት፣ ልጁ ጋራዥ ሲገባ የብየዳ ማስክ አይገዛለትም። ለምን? ጊዜያዊ ነዋ! ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ነዋ! እናም ልጆቹ ከገበያ በተገዛ የፀሐይ መነጽር ይበይዳሉ። የፀሐይ መነጽር የብየዳን ብርሃን አይችልም። ማታ ዓይናቸው አሸዋ የገባበት ይመስል ያብጣል፣ ያነባል፣ ጥሬ ድንች ቆርጠው ለጥፈው ያድራሉ፣ ጠዋት ይመለሳሉ። አልሙኒየም ደግሞ ይብሳል፤ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፣ ብርሃኑ ከታች በማስኩ ሥር ይገባል። ጭሱም ትንሽ ስለሆነ የማይጎዳ ይመስላል። ጌጡን በቤንዚን ጠርገው ሳይደርቅ እሳት የሚያቀርቡም አይቻለሁ። አጠገባቸው ቆሞ ዕቃ የሚያቀብለው የ15 ዓመት ረዳት እኮ ጭራሽ ባዶ ዓይኑን ነው!

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የሙያ ትምህርት አስገብቷል፤ ጥሩ ነገር ነው። ወርክሾፕ ግን በወረቀት አይሠራም። እስኪሠራ ድረስ ጋራዡ ከትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ተማሪዎች ይዤ ልሂድ ብዬ ጠይቄያለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። ልጁን አናግሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ለተማሪዎቼ ሊያሳይ ፈቃደኛ ነው። «እኔ ላስተምር? ቲቸር፣ ይስቁብኛል» ብሎ ትንሽ አንገራገረ እንጂ።

አሁን የምፈልገው ይሄ ነው። ጅማም ሆነ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ውጭ ያላችሁም የአካባቢያችን ልጆች፣ ያገለገለም ቢሆን የብየዳ ማስክ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። መስታወቱ ቁጥር 10 ወይም 11 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሦስት አራት ቢገኝ ለረዳቶቹም ይደርሳል። የፀሐይ መነጽር ግን እንዳትልኩ፣ እሱ ሞልቶናል።